ሳንቲሙን ወደ ላይ የሚገፋው ማን ነው?

አንድ ሳንቲም በሴኮንድ 5 ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተወረወረ እንበል። ምን ያህል ከፍታ ላይ ሲደርስ ይቆማል? የአንደኛ ዓመት የመካኒክስ ኮርስ የወሰደ ተማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ይህን ጥያቄ ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሠራዋል። የመሬት ስበት በየሴኮንዱ ከፍጥነቱ ላይ 10 ሜትር በሴኮንድ ያህል እንደሚቀንስ ያስታውሳል፤ ቀመሩን ይጽፋል፤ ቁጥሮቹን ይተካል፤ 1.25 ሜትር የሚል መልስ ያወጣና ከሥሩ ሁለት ጊዜ ያሰምርበታል። መልሱም ትክክል ነው።

አሁን ደግሞ ለዚሁ ተማሪ ሌላ ጥያቄ እናቅርብለት። ሳንቲሙ ከእጅ ከተለየ በኋላ፣ ገና ወደ ላይ በመውጣት ላይ ሳለ፣ ምን ምን ኃይሎች ያርፉበታል? የአየሩን መቋቋም እንተወውና የቀሩትን በቀስት ሥሎ ያሳየን። የመጀመሪያውን ጥያቄ ያለ አንዳች ስሕተት ከሠሩት ተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ ሁለት ቀስቶችን ይሥላሉ። አንዱ ወደ ታች የሚያመለክት አጭር ቀስት ሲሆን “የመሬት ስበት” ይባላል። ሁለተኛው ወደ ላይ የሚያመለክት ረዘም ያለ ቀስት ሲሆን “የእጅ ኃይል” የሚል ስም ይሰጠዋል። ለምን ተብለው ሲጠየቁም መልሳቸው ዝግጁ ነው፤ ወደ ላይ የሚገፋው ነገር ከሌለ ታዲያ እንዴት አድርጎ ይወጣል?

እጁ ግን ታች ቀርቷል። ሳንቲሙን የሚነካው አንዳችም ነገር የለም። በሳንቲሙ ላይ የሚያርፈው ኃይል አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ወደ ታች የሚጎትተው የመሬት ስበት ነው። ሳንቲሙ የሚወጣው የሚገፋው ስላለ ሳይሆን፣ ሲለቀቅ ወደ ላይ በመጓዝ ላይ ስለነበረና ይህን ጉዞውን በአንድ አፍታ የሚያስጥለው ስለሌለ ነው። ስበቱ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል፣ ያቆመዋል፣ ከዚያም ይመልሰዋል። የኒውተን የመጀመሪያና ሁለተኛ ሕጎች የሚሉት ይህንኑ ነው። ተማሪያችን እነዚህን ሕጎች በቃሉ ያውቃቸዋል፤ በፈተና ወረቀት ላይም ያለ ግድፈት ይጽፋቸዋል። እንግዲህ ይህ ተማሪ ሁለት ፊዚክስ አለው ማለት ነው፤ አንዱ ለፈተና የሚያወጣው፣ ሌላው ለኑሮ የሚጠቀምበት። ሁለቱ በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ግን አይተዋወቁም።

ወደ ፊት ከመሄዴ በፊት ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበል። በእንግሊዝኛ ፎርስ የሚባለውን አንዳንዱ መጽሐፍ ጉልበት፣ አንዳንዱ ኃይል ይለዋል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ኃይል እለዋለሁ። ወደዚህ የቃላት ጉዳይ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሳንቲሙን ጥያቄ እኔ አልፈጠርኩትም። ጆን ክሌመንት የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 በአንድ የፊዚክስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት የምህንድስና ተማሪዎችን ይህንኑ ጠይቀው፣ ኮርሱን ከጨረሱት መካከል እንኳ ብዙዎቹ ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል እንደሚሥሉ አሳይተዋል። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ ዴቪድ ሄስተነስና ሁለት ባልደረቦቻቸው ስለ ኃይል ያለንን ግንዛቤ ብቻ የሚመዝን የምርጫ ፈተና አሳተሙ። በኋላ ተሻሽሎ 30 ጥያቄዎችን የያዘው ይህ ፈተና ስሌት የሚባል ነገር የለበትም። ጥያቄዎቹ በጣም ቀላል ከመምሰላቸው የተነሣ ብዙ መምህራን “ይህን የማይመልስ ተማሪ የለኝም” ብለው ከሰጡ በኋላ በውጤቱ ደንግጠዋል። ከደነገጡት አንዱ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙር ናቸው። እርሳቸው እንደሚተርኩት፣ ተመሳሳይ ፈተና ለክፍላቸው ባቀረቡ ጊዜ አንዲት ተማሪ፣ መመለስ ያለብኝ እርስዎ ባስተማሩኝ መሠረት ነው ወይስ እኔ ራሴ ነገሩን በማስብበት መንገድ? ስትል ጠየቀቻቸው። ጥያቄው በየዋህነት የቀረበ ነበር። ነገር ግን የአንድን ኮርስ ውድቀት ከዚህ ይበልጥ በአጭሩ የገለጸ ሰው አላጋጠመኝም።

ይህን የምጽፈው ከሰገነት ላይ ሆኜ ቁልቁል እያየሁ አይደለም። ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ አገር በነበርኩበት ጊዜ በረዳት መምህርነት እሠራ ነበር። ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት ረዳት መምህራን ሁላችንም ያንኑ ባለ 30 ጥያቄ ፈተና እንድንወስድ ተደረገ። በቋሚ ፍጥነት ወደ ላይ ስለሚወጣ አሳንሰር የሚጠይቀው ጥያቄ ላይ ስደርስ፣ ገመዱ የሚጎትትበት ኃይል ከአሳንሰሩ ክብደት ይበልጣል የሚለውን መርጬ አለፍኩ። ወደ ላይ እየወጣ አይደል? በዚያን ጊዜ የላግራንዥን እኩልታዎች ለድርብ ፔንዱለም ስጽፍ እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር። ፍጥነቱ ካልተለወጠ በላዩ ላይ የሚያርፉት ኃይሎች የግድ ተመጣጣኝ መሆን እንዳለባቸው፣ ማለትም የገመዱ ጉተታ ከክብደቱ ጋር እኩል እንደሆነ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ “አውቅ” ነበር። እውቀቱ ግን እስከ አሳንሰሩ ድረስ አብሮኝ አልመጣም።

ታዲያ ችግሩ የተማሪ ስንፍና ነውን? አይደለም። የማሰብ ችሎታ ማነስ ነውን? ይህንንማ የሚል ሰው የሳይንስን ታሪክ አላነበበም። “የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ይኖረዋል” የሚለው እሳቤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዘመን ከኖረው ከአርስጣጣሊስ ጋር የተያያዘ ነው። በስድስተኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ይህን ተቃወመ፤ ወርዋሪው ለተወረወረው ነገር ከራሱ ኃይል ያወርሰዋል፣ የተወረወረውም በዚሁ ውርስ ይጓዛል አለ። በአሥራ አራተኛው መቶ ዘመን የፓሪሱ ዣን ቡሪዳን ይህን ውርስ “ኢምፔተስ” ብሎ አዳበረው። ልብ በሉ፤ የተማሪያችን “የእጅ ኃይል” ከዚህ የራቀ አይደለም። ተማሪው ፊሎፖኖስን አላነበበም። የነፈሰበትን፣ የረገጠውንና የወረወረውን ዓለም አይቶ ራሱ የደረሰበት ነው።

ጋሊሊዮ ራሱስ? ገና ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1590 አካባቢ ጀምሮ፣ በፒሳ በጻፈው ግን ባላሳተመው ድርሰቱ ወደ ላይ የተወረወረን ነገር ያብራራው በእጅ በተላለፈለትና እየሟሸሸ በሚሄድ ኃይል ነበር። በ1604 ደግሞ የሚወድቅ ነገር ፍጥነት ከወደቀበት ርቀት ጋር በእኩል ምጣኔ ይጨምራል ብሎ ለወዳጁ ጻፈ። ይህ ስሕተት ነው፤ ፍጥነቱ የሚጨምረው ከጊዜው ጋር ነው። የነሐስ ኳስ በዘንባላ ጣውላ ላይ እያንከባለለ፣ ጊዜውን በሚፈስ ውኃ ክብደት እየለካ፣ ደግሞ ደጋግሞ ካየ በኋላ የጨረሰው መጽሐፍ በላይደን ታትሞ የወጣው በ1638 ነው፤ ያኔ ዕድሜው 74 ዓመት ነበር። የኒውተን ታላቅ መጽሐፍ የወጣው ደግሞ በ1687 ነው። ከአርስጣጣሊስ እስከዚያ ሁለት ሺህ ዓመታት ገደማ አልፈዋል። እኛ ይህንኑ መንገድ በሦስት ሳምንት ካላስጨረስናችሁ እንላለን። ከዚያም በመጨረሻው ፈተና ላይ ሁለተኛውን ቀስት የሣለውን ልጅ “መሠረት የለውም” ብለን እንፈርጀዋለን።

እንደ እኔ አመለካከት የኮርሱ ዋና ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ባዶ እንስራ ይመስል ከላይ እንሞላበታለን። እርሱ ግን ባዶ አይደለም፤ የራሱ የሆነ፣ በዕለት ተዕለት ኑሮው የሠራለትና በሥርዓት የተያያዘ መካኒክስ ይዞ ነው የመጣው። ያንን አውጥቶ እንዲያየው፣ ከአዲሱ ጋር እንዲያጋጭና ራሱ እንዲዳኝ ካልተደረገ፣ አዲሱ ከአሮጌው በላይ እንደ ቅባት ይንሳፈፋል እንጂ አይዋሐድም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ተማሪው ይዞት የመጣው ነገር ከመጽሐፉ ይበልጥ ትክክል ነው። ወንጭፍን እንውሰድ። በክፍሌ ውስጥ በልጅነታቸው ማማ ላይ ተቀምጠው ከማሽላ ማሳ ወፍ ያባረሩ ተማሪዎች አይጠፉም። ወንጭፉ በራሳችሁ ዙሪያ ሲሽከረከር ከላይ ሆናችሁ ብታዩትና አንዱ ጫፍ ቢለቀቅ ድንጋዩ በየት አቅጣጫ ይሄዳል? ብዬ ስጠይቅ፣ አንዳንዶቹ ከመካከሉ ወደ ውጭ የሚፈናጠር መስመር ይሥላሉ፤ ሌሎቹ ትንሽ እየተጠማዘዘ የሚቀጥል መስመር ይሥላሉ። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ድንጋዩ በተለቀቀበት ቅጽበት ይጓዝ በነበረበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ስበቱ ወደ ታች ከማዘንበሉ በቀር። አንድ ጊዜ፣ የተጠማዘዘውን መስመር የሣለ አንድ ተማሪ ተነሥቶ እንዲያሳየን ጠየቅሁት። በባዶ እጁ ወንጭፍ እንደያዘ ሆኖ አሽከረከረና ወደ ጥቁር ሰሌዳው “ለቀቀ”። እጁ የተከፈተው ድንጋዩ ከጎኑ ሲደርስ እንጂ ከፊት ለፊቱ ሲደርስ አልነበረም። ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ ወደ መቀመጫው ተመልሶ የሣለውን መስመር በላጲስ ሲያጠፋ አየሁ። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም ነበር። (በቡሄ ሰሞን ስለሚጮኸው ጅራፍም ብዙ የሚባል አለ፤ የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት በላይ እንደሚጓዝ የሚያውቅ ጅራፍ አጩኋ ልጅ ብዙ አይመስለኝም። እርሱን ለሌላ ጊዜ ላቆየው።)

የጋሪው ጥያቄ ግን የሚታለፍ አይደለም። ፈረሱ ጋሪውን ይጎትታል። በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ጋሪውም ፈረሱን በዚያው መጠን ወደ ኋላ ይጎትታል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ጋሪው እንዴት ይንቀሳቀሳል? ይህን ጥያቄ በየዓመቱ አንድ ተማሪ ያነሣዋል። በመምህርነቴ የመጀመሪያ ዓመታት፣ ሰዓቱ እየሄደ ምዕራፉ እየቀረ ስለሚያስጨንቀኝ፣ “ሕጉ እንደዚህ ነው፣ ቀጥል” ብዬ ያለፍኩባቸው ቀናት አሉ። ዛሬ ሳስበው ያፍረኛል። የጠየቀው ልጅ በክፍሉ ውስጥ በእውነት የሚያስብ ምናልባት ብቸኛው ሰው ነበርና።

መልሱ ይህ ነው። እኩል የሆኑት ሁለቱ ኃይሎች በአንድ ነገር ላይ አያርፉም፤ አንዱ በጋሪው ላይ፣ ሌላው በፈረሱ ላይ ነው። ስለዚህ እርስ በርሳቸው ሊጣፉ አይችሉም። ጋሪው ይንቀሳቀስ እንደሆነ ለማወቅ በጋሪው ላይ የሚያርፉትን ብቻ መቁጠር ያሻል፤ ፈረሱ ወደ ፊት ይጎትተዋል፣ የመንኮራኩሩ ሰበቃ ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ የፈረሱ ከበለጠ ጋሪው ይነሣል። ፈረሱስ? ኮቴው መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል፤ መሬቱም ፈረሱን ወደ ፊት ይገፋዋል። ፈረሱን ወደ ፊት የሚያስኬደው መሬቱ ነው ማለት ነው! የሚጠራጠር ካለ በዝናብ ቀን ኮቴው በጭቃ ላይ የሚያንሸራትተውን የጋሪ ፈረስ ይመልከት፤ ጡንቻው ያው ነው፣ ጋሪውም ያው ነው፤ የጠፋው የመሬቱ ግፊት ብቻ ነው።

ከዚህ የምወስደውን አንድ ልማድ ለተማሪዎቼ አጥብቄ እመክራለሁ። ኃይል የሚባል ነገር በሣላችሁ ቁጥር ሰጪውንና ተቀባዩን በስም ጥሩ። “ማን ገፋው? ማንን ገፋ?” የሚለው ጥያቄ ተራ ይመስላል፤ ሆኖም ግን የሳንቲሙን “የእጅ ኃይል” ወዲያውኑ ያጋልጠዋል፤ ሰጪው ታች ቀርቷልና። አይሱዙ የጭነት መኪና ከባጃጅ ጋር ሲጋጭ አይሱዙው የበለጠ ኃይል ያሳርፋል የሚለውንም እንዲሁ። ኃይሎቹ እኩል ናቸው፤ የአይሱዙው መጠነ ቁስ ከባጃጁ 15 እጥፍ ቢሆን፣ ባጃጁ ላይ የሚደርሰው የፍጥነት ለውጥ ከአይሱዙው 15 እጥፍ ይሆናል። የሚያጠፋው እርሱ ነው።

ወደ ቃላቱ ልመለስ። ተማሪዎቻችን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ፊዚክስን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያስቡት ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው። ጉልበት፣ ኃይልና አቅም በአማርኛ የዕለት ንግግር አንዱ በሌላው ቦታ ይገባሉ። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ የእንግሊዝኛውም ተናጋሪ እንዲሁ ያምታታል። ነውሩ እኛ መምህራኑ ልዩነቱን በተማሪው ቋንቋ አውጥተን አለመነጋገራችን ነው። “ሥራ” የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ውኃ የሞላ እንስራ አዝላ በሜዳ መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር ለሄደች እናት፣ ፊዚክስ ‘እንስራውን ወደ ላይ የደገፍሽበት ኃይል ምንም ሥራ አልሠራም’ ይላታል። ተማሪው ይስቃል፤ ከዚያም ፊዚክስ ከኑሮ ጋር የማይገናኝ ነገር ነው ብሎ ይደመድማል። የእናትየው ጡንቻ የበላችውን እህል እያቃጠለ መሆኑን፣ ይህ ግን ወደ እንስራው እንደማይተላለፍ፣ ፊዚክስም “ሥራ” የሚለውን ቃል ተውሶ በጠባብ ትርጉም እንደሚጠቀምበት ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ውይይቱ በተማሪዎቹ ቋንቋ፣ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ቢሆን ማንም አይጎዳም።

ይህን ሐሳብ ለባልደረቦቼ ሳነሣ የሚሰጡኝ መልሶች ይታወቃሉ። ክፍሉ ብዙ ተማሪ ነው፤ ቤተ ሙከራው ዕቃ የለውም፤ የትምህርቱ ይዘት ተቆርሶ የተሰጠ ስለሆነ መሸፈን አለበት። የመጨረሻው እውነትነት አለው። የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የተዘጋጀው የጠቅላላ ፊዚክስ ኮርስ ከመካኒክስ በተጨማሪ ፈሳሾችን፣ ሙቀትን፣ ሞገድንና ኤሌክትሪክን በአንድ ሴሚስተር ያጭቃል። እኔ ብጠየቅ ግማሹን አስወጣ ነበር። ሌሎቹ ሰበቦች ግን አያሳምኑኝም። ሳንቲም፣ ክር፣ አንድ መጽሐፍና አንድ ወረቀት ከየትኛውም ክፍል አይጠፉም። የተማሪ ብዛትም ቢሆን፣ ማዙር ጥያቄ አቅርበው፣ ተማሪው መልሱን ለብቻው ከመረጠ በኋላ ከጎረቤቱ ጋር እንዲከራከር የሚያደርጉት በትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነው።

ደግሞስ ይህ አካሄድ ይሠራል ወይ? ሪቻርድ ሄክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የ62 ኮርሶችንና ከ6 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ውጤት አነጻጽረዋል። መለኪያቸው ተማሪዎቹ በኮርሱ መግቢያ ላይ ካልመለሱት ውስጥ በኮርሱ መጨረሻ ምን ያህሉን መለሱ የሚል ነበር። መምህሩ ብቻ በሚናገርባቸው 14 ኮርሶች አማካዩ ከመቶ 23 ሆነ፤ ተማሪው እንዲተነብይና እንዲከራከር በሚደረግባቸው 48 ኮርሶች ከመቶ 48። ይህ ተአምር አይደለም፤ በተሻለው መንገድ እንኳ ከግማሽ በላዩ ሳይነካ ቀርቷል። ከእጥፍ በላይ የሆነ ልዩነት ግን በአንድ ሴሚስተር ከየትም አይገኝም። ስሌት ይቅር ማለቴም አይደለም። ያለ ስሌት ፊዚክስ የለም። ጥያቄዬ 1.25 ሜትር የሚለው ቁጥር በተማሪው ጭንቅላት ውስጥ ከየትኛው ሳንቲም ጋር እንደተያያዘ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ፈተናው ካልተለወጠ ከንቱ ነው። ተማሪ የሚያጠናው የሚጠየቀውን ነው፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አምስቱም ጥያቄ በቀመር ተተክቶ የሚሠራ ከሆነ የሽምደዳው ባለቤት እኛ ነን። ስለዚህ ከፈተናው ግማሹ ቁጥር የሌለው ጥያቄ ይሁን፤ ቀስት የሚሣልበት፣ ምክንያት የሚጻፍበት፣ “ማን ገፋው?” የሚባልበት። ለማረም እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ እያረምኩት ነው። የመጀመሪያው ዓመት የተማሪዎቼ ውጤት ወረደ፤ አንዳንዶቹም አመለከቱብኝ። ቅሬታቸው “ያልተማርነውን ጠየቀን” የሚል ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ከዚያ በፊት አላስተማርናቸውም።

አሁን በየሴሚስተሩ የመጀመሪያ ቀን፣ ስሜን እንኳ ሳልናገር ሳንቲም ወደ ላይ እወረውራለሁ። ሁሉም በወረቀት ላይ ቀስቱን ይሥልና ስሙን ይጽፋል። ወረቀቶቹን ሳላርም ሰብስቤ በመሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጣቸውና በመጨረሻው ሳምንት ለየባለቤቶቻቸው እመልሳለሁ። አንዳንዶቹ ይስቃሉ፤ አንዳንዶቹ የራሳቸውን የእጅ ጽሑፍ ሲያዩ “ይህ የእኔ አይደለም” ይላሉ።

ለእናንተ ለአንባቢዎች ደግሞ ከሳንቲሙ የተረፈች አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ሳንቲሙ 1.25 ሜትር ላይ ደርሶ ፍጥነቱ ዜሮ በሆነበት በዚያች ቅጽበት በላዩ ላይ የሚያርፈው ኃይል ስንት ነው? የፍጥነቱ ለውጥ ምጣኔስ? መልሱን እዚህ አልጽፈውም፤ በዶርምም ሆነ በክፍል አጠገባችሁ ካለ ሰው ጋር ተከራከሩበት፤ ከመከራከራችሁ በፊት ግን የየራሳችሁን ቀስት ሣሉ።